ብል የበላው ቦታ

ማክሰኞ ማለዳ፣ ጉሙ ሳይነሳ ከመሐል ሜዳ፣
ሸዋፈራሁ መጣ፣ የማኅበሩን ኮምፒውተር አዝሎ እንደ ዕዳ፤
በባና ጠቅልሎ፣ በጠፍር አስሮ፣
«እስቲ እየው» አለኝ፣ «እንደ ግንደ ቆርቁር ይቆረቁራል፣ ከትናንት ጀምሮ።»

ዕድሜው ልጄን ይበልጣል። ቢሮ ሲዘጋ የተረፈ ንብረት፣
ዊንዶውስ ከብዶት ሲያቃስት ሊኑክስ የጫንኩበት፤
ኮዱ ያልተሸሸገ፣ አገር ተዋጥቶ እንዳወጣው መንገድ፣
የጎደለውን ያየ ሁሉ ድንጋይ የሚያቀብልበት በፈቃድ።

ውስጡ የሰባት ዓመት ሱፍ አለ፤
ማን ስንት ኪሎ ፈትላ እንዳስረከበች፣
ማን ባና ወስዳ ከፍላ፣ ማን «በልግ ይድረስ» ብላ እንዳቆየች፣
የጥቁር በግ፣ የነጭ በግ፣ የቡላው ክር፣
የሚመለስ ብድር፣ የማይመለስ ብድር።

«ቅጂውስ?» አልኩት። ሸዋፈራሁ ጫማውን አየ፤
ጫማው ስለ ቅጂ የሚያውቅ ይመስል፣ ቆየ፣ ቆየ።

መጀመሪያ ኬብሉን። የኬብል ጥፋት ከሆነ፣ የዕድል ቀን፤
አቧራውን እፍ አልኩ፣ ጥርሱን በላጲስ አሸሁ፤ ያው ሆነብን።
ሌላ ኬብል፣ ሌላ ቀዳዳ። ቀጭ። ዝም። ቀጭ።
የጥቁሩ ስክሪን ፊደል፣ እንደ ጓሳ ውርጭ ነጭ፣
መስመር በመስመር ወረደ፤ ሳይሸፋፍን፣ ሳያባብል፣
«ይህን ቦታ ማንበብ አልቻልኩም» የሚል።
ለዚህ ነው የምወደው፤ ሲሞት እንኳ አይዋሽም፣
ያመመውን በቁጥር ይነግርሃል፣ አይሸሽም።

ልጅ ሳለሁ ቢሆን ወዲያው «ጠግን» ብዬ ባዘዝኩት፤
ስንቱን የሰው ፎቶ በችኮላ ቀበርኩት!
አሁን ግን አውቃለሁ፤ የሚሞት ዲስክ አይታከምም፣ ይናዘዛል፤
አንተ መጻፍ ነው፤ እስትንፋሱ እስካለ ይነግርሃል።

ባዶ ዲስክ በሚኒባስ ከደብረ ብርሃን አስመጥቼ፣
ሌሊቱን ቀዳሁ፣ ከሟቹ ወደ አዲሱ፣ በጠብታ ለክቼ።
በሦስት ሰዓት መብራት ሄደ። ልቤም አብሮ ሄደ።
በዘጠኝ ሰዓት ሲመለስ ፕሮግራሙ አልዋለለ፣ አላበደ፤
ካቆመበት ጀመረ፣ ምልክቱን ዳብሶ፣
ሸማኔ ትናንት ወደ ተወው ድር እንደሚገባ፣ በማግሥቱ ተመልሶ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ማናህሎት ሊጠይቁ መጡ፣
«ተስፋ አለው?» አሉ፣ በር ላይ ቆመው፣ ሳይቀመጡ።
ስክሪኑን አሳየኋቸው፤ ደህናው አረንጓዴ፣ የሞተው ቀይ ነጥብ፤
ዝም ብለው አዩት፣ ባና እንደሚመርጥ ሰው፣ ከልብ።
«ይሄማ ብል ነው» አሉ። «ብል የበላውን ቦታ አትጎትተው፤
ጎተትከው ማለት ደህናውንም ተረተርከው።
ዙረህ እለፈው፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።»
ኮሌጅ ሦስት ዓመት የፈጀብኝን በር ላይ ቆመው ጨረሱት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ዓርብ ማታ አለቀ። የጎደለው አራት ኪሎባይት፣
ጥፍር የማታክል ቀዳዳ፤ የወደቀችበትን ግን እዩት!
የብድሩ ገጽ ላይ። ድምሩ «አሥራ አንድ ሰው» ይላል፣ ስሙ የለም፤
ብል አዋቂ ነው፤ ለስላሳውን ትቶ ሻካራውን አይቀምስም።

ቅዳሜ ከሰዓት ማኅበርተኞቹ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ።
የሆነውን ነገርኳቸው። ነፋሱ ብቻ ነበር የሚናገር።
ከዚያ እትዬ አጸደ ተነሡ፤ «ጻፍ፤ የኔ ሁለት መቶ አርባ፣
ለገብስ ዘር የወሰድኩት፣ የካቲት ሲገባ።»
ሌላዋ «የኔ ስድሳ»፤ ሌላዋ «እኔስ ረስቼዋለሁ፤
ከመቶ ግን አያንስም፤ መቶ በል፣ ቢበዛም እከፍላለሁ።»

ጣቴ እየደነዘዘ መታሁ፣ ስም በስም፤
የአንዷን ስም ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፣ ከብርዱ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

ቀዳዳው በሰው አፍ ተደፈነ፤ አሥር ቆጠርኩ፣ አንዱ ቀረ።
አዲሱ ዲስክ ያለ ድምፅ ዞረ፣ ዞረ።
ጋሽ ማናህሎት ወደ ማንም አላዩም፤ የባናቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ።
ሸዋፈራሁ
ጫማውን አየ።